ውሃው እስከ ጉልበት

ልብስ ሰፊዋ ሰው ማመን አልፈጠረባትም። ከማዘጋጃ ቤት የመጣች መሐንዲስ ሜትሯን ዘርግታ የቤቷን ግድግዳ ስትለካ ባየች ጊዜ ስፌቷን ጥላ ወጣች።

«ባለፈው ጎርፍ ውሃው እዚህ ቤት እስከ የት ደርሶ ነበር፣ እትዬ?»

«ለምን ፈለግሽው?»

«ጎርፍ ቢመጣ የትኛው ቤት ምን ያህል እንደሚጎዳ በኮምፒውተር እናሰላለን። አስቀድሞ ለመዘጋጀት ነው።»

አስቀድሞ ለማፍረስ ነው በይ እንጂ! ይቺን ይቺንማ ለሌላ ንገሪ! ልብስ ሰፊዋ በልቧ ይህን እያለች በአፏ «ጉልበቴ ድረስ» አለች። ወይ ድፍረት! ደረቷ ደርሶ አልነበር? ከአልጋ የማትነሳ እናቷን ያተረፈቻት እኮ ጠረጴዛ በጠረጴዛ ላይ ደርባ አስተኝታ ነው።

መሐንዲሷ ቀጣዩ ቤት ሳትደርስ ልብስ ሰፊዋ በጓሮ ዞራ ቀደመቻት። ዳቦ ጋጋሪውን፣ ባለሱቋን፣ መንገዱን በሙሉ «ሊያፈርሱብን ነው! ጉልበት በሉ፤ ከዚያ ፍንክች እንዳትሉ!» አለች። ሰፈሩ በአንድ አፍ ጉልበት አለ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ መሐንዲሷ ሰፈርተኛውን ሰብስባ ካርታ አሳየች። የታችኛው መንገድ ቀይ ነው፤ የእነሱ አረንጓዴ።

«እንኳን ደስ አላችሁ፣ እዚህ ብዙ ጉዳት አይደርስም። ጎርፍ ሲመጣ የነፍስ አድን ጀልባው መጀመሪያ ወደ ቀዮቹ ይሄዳል፤ ወደ እናንተ መጨረሻ ላይ።»

«የሚፈርሰውስ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ማፍረስ? ማን አፍርሱ አለ?»

ሰው ሲበተን ልብስ ሰፊዋ የመሐንዲሷን እጅ ያዘች። «እህቴ፣ ዋሽቼሻለሁ። ውሃው ደረቴ ድረስ ነበር። እናቴ ደግሞ አልጋ ላይ ናት።»

መሐንዲሷ ትክ ብላ አየቻት። «ጀልባው ቀድሞ እንዲመጣልዎት ነው አይደል? መንገዱ በሙሉ ጉልበት ብሎኛል እኮ። ጎረቤት ይመስክርልዎትና እቀይረዋለሁ።»

ልብስ ሰፊዋ እየሮጠች ዳቦ ጋጋሪው ቤት ደረሰች። ነገሩን ስታስረዳው ሰውዬው በሩን ገርበብ አድርጎ ይሰማታል።

«ዛሬ ደግሞ ደረት ሆነ? ምን ቃል ገብተውልሽ ነው?»

«አያፈርሱም! ልጅቷ ራሷ ነገረችን እኮ!»

«አትመኗት ያልሽው አንቺ አይደለሽ? ደረት ካልኩ የእኔም ቤት ቀይ ይቀባል፤ ቀይ የተቀባው ነው የሚፈርሰው። እኔን አታታልይኝም።»

«እናቴ ትሞትብኛለች! በእናትህ!»

ዳቦ ጋጋሪው አንገቱን ደፋ። አሳዘነችው፤ አብረው ነው ያደጉት።

«እናትሽን እወዳታለሁ» አለ። «የምተኛበት ሌላ ቤት ግን የለኝም።»

ከዚያ በሩን ዘጋና ከውስጥ ቀረቀረው።