እማሆይ ዓለምዬ የራሳቸውን ለቅሶ የደረሱ ለት

የዳባቱ አሻግሬ እጁ አንዱን ይዞ ሐሳቡ ሌላውን የሚያባርር ሰው ነው። አምና በስልክ እያወራ ሲያርስ የራሱን ማሳ ጨርሶ፣ ድንበር አልፎ የጎረቤቱን የደምለውን እኩሌታ አርሶለት ገብቷል። «ምነው አያ አሻግሬ?» ቢሉት፣ «ወሬው አላለቀማ!» አለ። ሰው ይስቅበታል። እሱ ግን ሁለት ሦስቱን ጉዳይ ባንድ መንገድ ካልጨረሰ የዋለ አይመስለውም።

እናላችሁ ልጆቼ፣ አንድ ቅዳሜ ደባርቅ ላይ ሁለት ጉዳይ ገጠመው። አንዱ ለቅሶ ነው፤ የዘመዱ የአረጋሽ እናት በዘጠና ዓመታቸው አርፈዋልና መድረስ አለበት። ሁለተኛው ሽምግልና ነው። የወንድሙ ልጅ አንሙት የያርጋልን ልጅ ስጦታን ከወደደ ሁለት ዓመት አልፎታል። ልጅቱ በዋዜማው ደውላ፣ «ነገ አራት ሰዓት ከኮሶዬ ሽማግሌ ይመጣብኛል። አባቴ ለነሱ ቃል ከሰጠ አለቀልን፤ ቀድማችሁ ድረሱልኝ» ብላ አልቅሳለች።

አንሙት የአጎቱን ጉልበት ስሞ፣ «አያ፣ ለዛሬ ብቻ አንድ ነገር ብቻ ያስቡ» ብሎ ለመነው።

«ምን ቸገረህ! መንገዱ እንደሆን አንድ ነው» አለ አሻግሬ።

አብረውት የሄዱት መሪጌታ መልከ ጼዴቅ ናቸው። ቤቶቹን የሚያውቁትም እሳቸው ናቸው፤ አሻግሬ እሳቸውን ነው የሚከተለው። ሚኒባሱ ውስጥ ሥራውን በልቡ ደረደረ፦ መጀመሪያ ለቅሶ፣ ቀጥሎ ሽምግልና። መጀመሪያ ማልቀስ፣ ቀጥሎ መቆም፤ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥማ። ይህን ደርድሮ ሳይጨርስ ስልኩ ጮኸ። በጉን ሊገዛው የፈለገ ሰው ነው።

ደባርቅ ወርደው ሲሄዱ መሪጌታ ሰዓታቸውን አዩ። «አሻግሬ፣ ሦስት ሰዓት ሆነ። ለቅሶው ይቆየን፤ በቀጥታ ወደ ያርጋል ቤት ነው።»

«እሺ የኔታ» አለና ወደ ስልኩ ተመለሰ፤ «ጥርሱን እየው እንጂ ሰውዬ! ያረጀ በግ መሰለህ?»

እሺ ያለው አፉ ነው፤ ልቡ አልሰማም።

ከያርጋል አጥር ሲደርሱ ስልኩን ዘጋ፤ ጋቢውን እንደ ለቀስተኛ ዘቀዘቀ፤ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ፣ «ወይ እናቴን! ወይ እናቴን! ሳልሰናበትዎ!» እያለ ጮኸ።

መሪጌታ ጋቢውን ጎተቱት። «አሻግሬ! ምን ነካህ?»

«ይተዉኝ የኔታ! ይውጣልኝ!»

አሻግሬ ደግሞ ሲያለቅስ የምሩን ነው። ጎረቤቱ ነጠላውን እየዘቀዘቀ ከየቤቱ ወጣ። የያርጋል አሮጊት እናት እማሆይ ዓለምዬ ጓሮ ዞረው ፀሐይ ሲሞቁ እንቅልፍ ወስዷቸዋል፤ ያያቸው የለም። «እናቴን» የሚለውን የሰማ ሁሉ እሳቸው መሰሉት። ያርጋልም ደንግጦ ወደ እናቱ መኝታ ቢሮጥ አልጋው ባዶ ነው። «ሳልሰማ ቤተ ክርስቲያን ወስደዋቸዋል!» ብሎ አንዴ ደረቱን መታና ተቀመጠ። መሪጌታም ይህን ሲያዩ፣ «ለካ እዚህም ሰው ሞቷል» ብለው ጋቢያቸውን ዘቀዘቁ። ሰው በሚያለቅስበት መሐል «ማን ነው የሞተው?» ማለት ነውር ነውና አንድም የጠየቀ አልተገኘም። የእድሩ ጡሩምባ ተነፋ። ድንኳን መጣ፣ ተተከለ። ንፍሮ ተጣደ።

አራት ሰዓት ላይ የኮሶዬ ሽማግሌዎች ሦስት ሆነው፣ ነጭ በነጭ ለብሰው ደረሱ። ድንኳኑን አዩና እርስ በርስ ተያዩ። ለቅሶ ቤት ልጅ ይለመናል? «እግዜር ያጽናችሁ» ብለው፣ «እንግዲህ ከዓርባው በኋላ» ተባብለው በመጡበት ተመለሱ።

እነሱ ከመዞራቸው እማሆይ ዓለምዬ ምርኩዛቸውን ይዘው ከጓሮ መጡ። «እናንተዬ፣ ማን ሞቶብን ነው?» አሉና መልስ ሳይጠብቁ ያለቅሱ ጀመር። ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላቸው። አንዷ በልማድ፣ «እግዜር ያጽናዎት እማሆይ» አለቻቸው። ከዚያ ቀና ብላ አየቻቸው።

ለቅሶው ቀጥ አለ።

«እናቴ!» አለ ያርጋል። «አልሞቱም እንዴ?»

«እኔ? የምን ሟርት ነው ደግሞ!»

ዓይን ሁሉ ወደ አሻግሬ ዞረ። እሱም ወደ መሪጌታ ዞረ። «የኔታ... የአረጋሽ ቤት አይደለም?»

«የያርጋል ነው አንተ! ነግሬህ አልነበር?»

ያርጋል ዱላውን ይዞ ተነሣ። አሻግሬ ሁሉንም ዘረገፈው፤ ለቅሶውን፣ ሽምግልናውን፣ በጉን እንኳ ሳያስቀር። «ጥፋቱ የኔ ነው። ልጁን በኔ አታስቀሩት» አለና አሁን ስለራሱ አለቀሰ።

ሴቶቹ የሆነውን ሁሉ ሲነግሯቸው፣ «ያርጋል፣ ዱላህን አስቀምጥ» አሉ እማሆይ። «ይህን ሁሉ እንባ ያፈሰሰው ለኔ ነው?»

«ተሳስቶ እኮ ነው እናቴ!»

«ተሳስቶም ቢሆን። አንተ አንዴ ደረትህን መትተህ ተቀመጥህ አሉ። እኔ ስሞት ማን ያለቅስልኛል እያልሁ ስሰጋ ነው የኖርሁ፤ ዛሬ በዓይኔ አየሁት። ልጅቱን ለዚህ ሰው ቤት ስጥልኝ። ዘመድ ሆኖ በደንብ ያለቅስልኛል።»

ያርጋል የተተከለውን ድንኳን አየ፤ የተሰበሰበውን ሰው አየ። «አንቺስ ስጦታ?» ቢላት፣ «እማሆይ እንዳሉ» የሚል ድምፅ በሳቅ ታፍኖ ከጓዳ ተሰማ። ሰዉም ነጠላውን መልሶ አስተካክሎ እልልታውን አቀለጠው። ድንኳኑን የነቀለው የለም፤ ንፍሮውም ለደስታው ተበላ።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱ የአረጋሽ ቤት ደረሱ። አሻግሬ እስከ በሩ ድረስ ለአንሙት ምሥራቹን በስልክ እየነገረ ነበር። ስልኩን ዘጋ፣ ገባ፣ በለቀስተኛው መካከል ቀጥ ብሎ ቆመ።

«አረፍ በል እንጂ አያ አሻግሬ» አለችው አረጋሽ፣ ዓይኗን እየጠረገች።

«አንቀመጥም! ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም!»

መሪጌታ የጋቢያቸውን ጫፍ አፉ ላይ ከደኑበት።