የአክስቴ ኳስ

ኳሷ ከመረቡ በላይ ተንሳፍፋ፣ ለማንም ሳትቸኩል መጥታ፣ በኦድያና በየሻረግ መካከል ወደቀች። ሁለቱም ቆመው ይተያዩ ነበር። ኳሷ ወለሉ ላይ ነጥራ ወደ ግድግዳው ስትንከባለል የተከተላት ሰው አልነበረም።

"አሁንም?" አለች አሰልጣኟ ጋሊት በዕብራይስጥ፣ ፊሽካውን ከአፏ አውጥታ። "ሁለት ሰው ቆሞ እያየ ኳስ ይወድቃል? አንዳችሁ 'ሼሊ' በሉ! የእኔ ነው በሉ! አፍ የላችሁም?"

ኦድያ አፍ አላት። እስራኤል ውስጥ አሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ ቫቭ በሚባለው ሰፈር ተወልዳ ያደገች፣ በአውቶቡስ ወረፋ ከማንም ጋር የምትከራከር ልጅ ናት። ቁመቷ አጭር ስለሆነ ከኋላ ሆና ኳስ የምትቀበለው ሊቤሮ እሷ ናት፤ የኮሌጁ የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን አምበልም እሷው ናት። የሻረግም ብትሆን አፏ አልተለጎመም። ረጅም፣ ክንደ ብርቱ፣ ጨዋታውን ጎንደር ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ በሁለት ባሕር ዛፍ መካከል በተወጠረ ገመድ ላይ የተማረች ልጅ ናት። ክረምቱን ሙሉ ስትመታ የአዳራሹ መስኮት የሚረግፍ ይመስል ነበር።

ቡድኑ ያለው ተስፋ ደግሞ ይኸው ነው። ባለፈው ዓመት ከመጨረሻው ሁለተኛ ሆነው ጨረሱ። ሁለቱ ጥሩ አጥቂዎች ተመርቀው ሄዱ። ኮሌጁም ዘንድሮ እንደዚያው ከሆነ ቡድን የሚባል ነገር እንደማይኖር ሳያፍር ነገራቸው። ከዚያ የነርሲንግ ተማሪዋ የሻረግ መጣች። በነሐሴ ልምምድ ላይ ልጆቹ ስለ ፍጻሜ ጨዋታ መቀለድ ጀመሩ፤ ኦድያማ ሳትቀልድ ዋንጫውን በልቧ ማየት ጀምራ ነበር።

ከአይሁድ አዲስ ዓመት በዓል በኋላ ግን ያቺ የሻረግ የት እንደገባች እንጃ። ኦድያ ወደ ኳሱ ከተንቀሳቀሰች የሻረግ ትቆማለች። አንዳንዴ እንዲያውም "አንቱ ይያዙት!" ትላለች። ይህን ብላ ሳትጨርስ ኳሷ መሬት ደርሳለች።

ልምምዱ ሲያልቅ ጋሊት ኦድያን ወደ ጎን ጠራቻት።

"ፈርታ ነው? ወይስ ዕብራይስጡ አልገባት ይሆን?"

"ገብቷታል።"

"ሐሙስ ከቤርሼባ ኮሌጅ ቡድን ጋር የወዳጅነት ጨዋታ አለን። ከዚያ በኋላ ለውድድሩ ስድስቱን እለያለሁ። እንዲህ ከቀጠለች በእሷ ቦታ ኤሊኖር ትገባለች።"

ኤሊኖር መልካም ልጅ ናት፤ ኳስ አትጥልም። ስትመታ ግን ኳሷን የምታባብላት ነው የሚመስለው። በኤሊኖር አጥቂነት ውድድር መጀመር ማለት ከመጨረሻው ሁለተኛውን ቦታ ከወዲሁ መያዝ ማለት ነው።

"እሷን ብቻ ደግሞ አይደለም የማየው፣" አለች ጋሊትና ስልኳን አውጥታ የቀረጸችውን አሳየቻት። "እስኪ አንቺን ተመልከቺ።"

ኦድያ ተመለከተች። ኳሷ ስትመጣ ከየሻረግ ቀድማ ወደ ኋላ ያፈገፈገችው ራሷ ነበረች። ሁለቱ በር ላይ ተገናኝተው አንተ ቅደም አንቺ ቅደሚ የሚባባሉ ሰዎች ይመስላሉ። ፊቷ በእፍረት ጋለ፤ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ጥፋቱ የየሻረግ ብቻ መስሏት ነበር።

ነገሩን ለጋሊት ከየት ጀምራ ታስረዳት? ሁሉም የመጣው በደግነት ነው። የሻረግ ሮቫ ዩድ-አሌፍ ውስጥ ከጓደኛዋ ጋር ቤት ተከራይታ ትኖራለች፤ እናቷ አሁንም ጎንደር ናቸው። ኦድያም በዓልን ብቻዋን አትዋል ብላ ለአዲስ ዓመት ዋዜማ ራት ወደ ቤቷ ወሰደቻት። የኦድያ አባት ታከለ ደግሞ ገና እንግዳዋ ሳትቀመጥ፣ "የማን ልጅ ነሽ?" ብለው ጀመሩ። እሳቸው አንዴ ዘር መቁጠር ከጀመሩ ማንም አያስቆማቸውም።

"የወንዳለ።"

"ወንዳለ የማን?"

የሻረግ አያቷን ጠራች፣ ቅድመ አያቷን ጠራች። ታከለ የያዙትን ሹካ አስቀመጡ። ቅድመ አያቷ የገዛ አባታቸው ታናሽ ወንድም ነበሩ፤ በልጅነታቸው የአይሁድ ሃይማኖታቸውን ለውጠው ወደ ከተማ የወጡ፣ ከዚያ ወዲያ በቤቱ ስማቸው ያልተነሣ ሰው። ታከለ አለቀሱ። የሻረግም አለቀሰች። ከመጣች ጀምሮ ወደ አይሁድነት በመመለሻው በጊዩሩም፣ በትምህርቱም፣ በሥራውም ማንነቷን ስታስረዳ የኖረች ልጅ፣ ሳታስረዳ የሚያውቃት ሰው አገኘች።

"እንግዲህ ወንዳለ ለእኔ ልጄ ነው፣" አሉ ታከለ ዓይናቸውን እየጠረጉ። "ኦድያ ለወንዳለ እህቱ ናት። ላንቺ አክስትሽ ናት ማለት ነው።"

ኦድያ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። የእህቷ ልጅ፣ ይቅርታ፣ የወንድሟ ልጅ፣ በሦስት ዓመት ትበልጣታለች። ወታደሩ ወንድሟ ኤላይ ከሳቁ የተነሣ ወንበሩን ሊጥል ነበር። የሻረግ ግን አልሳቀችም። ተነሥታ ወደ ወጥ ቤት ሄደች፣ ማንቆርቆሪያና ሳፋ ይዛ መጣች፣ የታከለንና የሚስታቸውን እጅ አስታጠበች። ከዚያ ኦድያ ፊት መጥታ ጎንበስ አለች። ኦድያ ደነገጠች። ይህች ከእሷ የምትበልጥ፣ ቀን ተምራ ማታ በአረጋውያን ቤት የሽማግሌዎች ገላ የምታጥብ ልጅ የእሷን እጅ ልታስታጥብ? ማንቆርቆሪያውን ከእጇ ነጥቃ ራሷ ታጠበች። ጨዋነት መስሏት ነበር።

ከልምምዱ በኋላ ሁለቱ አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ተቀመጡ። ከባሕር በኩል እርጥብ ነፋስ ይነፍሳል።

"የሻረግ፣ ሜዳ ላይ አክስት የለም፣" አለች ኦድያ።

"እሺ።"

"እሺ አትበይኝ። ባለፈው ኢሙን፣ በልምምዱም እሺ ብለሽኝ ነበር።"

"ታዲያ ምን ልበል? አክስቴ ነዎት። ከአክስት እጅ ይነጠቃል?"

"ካዱር ነው እኮ፣ ኳስ! የውርስ መሬት መሰለሽ?" ኦድያ ስትበሳጭ አማርኛዋ ይጠፋል፤ በዕብራይስጥ ጥቂት ካጉረመረመች በኋላ ተመለሰች። "ስሚኝ። ሐሙስ እንዲህ ከሆንሽ ጋሊት ታስቀምጥሻለች። ኤሊኖር ትገባለች።"

የሻረግ የቦርሳዋን ማንገቻ በጣቷ ጠመዘዘችው።

"እዚህ አገር አፌን በከፈትሁ ቁጥር ሰው ያርመኛል፣" አለች ቀስ ብላ። "ኮሌጅ መምህሯ ታርመኛለች። ሥራ ቦታ የማጥባቸው ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ያርሙኛል። ኳስ ስመታ ግን ያረመኝ የለም።"

"ታዲያ ለምን ትተይዋለሽ?"

"አንቱ አይቀበሉኝማ!" ድምፅዋ ከፍ ስላለ አጠገባቸው የቆመች ሴት ዞር ብላ አየቻቸው። የሻረግ አፈረችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ዘመድ አገኘሁ ብዬ ውሃ ባቀርብ ማንቆርቆሪያውን ከእጄ ነጠቁኝ። ያውም በአባትዎ ፊት። ያን ለት ማታ እያለቀስሁ ነው ቤቴ የገባሁት። አሁን ቤት ውስጥ አልቀበልም ካሉኝ የት ሄጄ ላክብርዎት? የምንገናኝበት ሌላ ቦታ ሜዳው ብቻ ነው።"

ኦድያ ይህን ሁሉ ቀን ልጅቷን ከውርደት ያዳነቻት መስሏት ነበር፤ ለካስ በር ነው የዘጋችባት።

"እኔ እኮ ላከብርሽ ብዬ ነው። ታላቄ ነሽ።"

"በዕድሜ ታላቅ ነኝ። በሥጋ ግን አንቱ ነዎት። ይህን እኔ አላመጣሁትም።"

አውቶቡሱ መታጠፊያው ላይ ብቅ አለ። ኦድያ ተነሣች።

"በቃ እንስማማ። አርብ ማታ እኛ ቤት ትመጫለሽ። ውሃውን ታፈስሺልኛለሽ፣ እኔም እጄን እዘረጋለሁ። ሐሙስ ግን አንቺ ጋ የመጣች ኳስ ያንቺ ናት። እኔን ረግጠሽም ቢሆን።"

"አንቱን ረግጬ?" የሻረግ ደረቷን ያዘች።

"እኔን ረግጠሽ። የምታዝሽ አክስትሽ ናት።"

የሻረግ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። "አክስት ካዘዘችማ ምን ይደረጋል፣" አለችና አውቶቡሱ ሲቆም መጀመሪያ ኦድያን አሳፈረቻት።

ሐሙስ ቤርሼባዎቹ መጡ። ረጃጅሞች ናቸው፣ ልምምዳቸውም የተጣራ ነው። የመጀመሪያው ዙር ሲጀመር ኳሷ እንደ ልማዷ በሁለቱ መካከል መጣች፤ የሻረግ አንድ እግሯን አንሥታ ተወቻት፤ ኳሷም ወደቀች። ጋሊት ወደ ተቀያሪዎቹ ዞረች፤ ኤሊኖር ጃኬቷን ማውለቅ ጀመረች።

ኦድያ ኳሷን ልታነሣ ጎንበስ ስትል የሻረግን በታች በታች አየቻት።

"ማንቆርቆሪያው፣" አለቻት በአማርኛ። "ውላችን ከዛሬ ነው የሚጀምረው።"

የሚቀጥለው ኳስ እዚያው ቦታ መጣ። የኦድያ እግር ከልማዱ የተነሣ ቀድሞ ሄደ።

"የኔ ነው! ዞር በይ!" ብላ ጮኸች የሻረግ።

ኦድያ ለመዞር ጊዜ አልነበራትም። የየሻረግ ትከሻ አገኛትና ወለሉ ላይ ዘረጋት፤ ግራ እጇ ከስሯ ታጠፈ። ከተጋደመችበት ሆና ኳሷ ወደ ላይ ስትነሣ፣ አቀባይዋ ስትመልሳትና የሻረግ ስትዘል አየች። ምቱ ከቤርሼባዎቹ ወለል ላይ ሲያርፍ አዳራሹ ጮኸ። የሻረግም ጮኸች፤ በደስታ ግን አልነበረም፣ አክስቷን ስታይ ነው።

"ውይ! ውይ በሞትሁት! ተጎዱ?"

"አልተጎዳሁም! ቦታሽ ሂጂ!" አለች ኦድያ ጣቷን ደብቃ። እየሳቀች ነበር። "እንደገና!"

ከዚያ በኋላ የሻረግን የሚያቆማት አልተገኘም። እየጮኸች ኳሱን ሁሉ ሰበሰበች፤ ኤሊኖርም ጃኬቷን መልሳ ለበሰች። ጨዋታው እስከ መጨረሻው ዙር ሄዶ በጥቂት ነጥብ ተሸነፉ። ማንም አንገቱን አልደፋም። የቤርሼባዋ አሰልጣኝ እቃዋን ስትሰበስብ ያቺ ረጅሟ ልጅ ማን ናት ብላ ጋሊትን ስትጠይቅ ሁሉም ሰሙ።

"የሻረግ ትጀምራለች፣" አለች ጋሊት ልጆቹ ሲሰበሰቡ። ቀጥሎ የኦድያን ያበጠ ጣት አየች። "አንቺንስ ማን ይተካሻል?"

"ማንም። እስከ ውድድሩ ይድናል።"

"ሐኪም እንደሱ አለሽ?"

"እኔ አልሁ።"

አርብ ማታ የታከለ ቤት ጠረጴዛ ላይ የሰንበቱ ዳቦ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ነበር። ኤላይ ከጦር ሠፈሩ መጥቶ ዩኒፎርሙን አውልቋል። የእህቱን በፋሻ የተጠቀለለ እጅ አይቶ፣ "አክስቱን የደበደበ ሰው በስንት ይቀጣል አባባ?" አለ።

"ዝም በል አንተ፣" አሉ ታከለ፤ እሳቸውም ሳቃቸውን እየዋጡ ነው።

የሻረግ ተነሥታ ማንቆርቆሪያውንና ሳፋውን አመጣች። የታከለን እጅ አስታጠበች። የእናቲቱን አስታጠበች። ከዚያ ኦድያ ፊት መጥታ ጎንበስ አለች።

ኦድያ ረግጠሽኝ እለፊ ማለት ቀሏት ነበር። አሁን ግን ሁሉም ያያታል፣ ኤላይም አፉን ይዞ ይጠብቃል፤ ይህች የምትበልጣት ልጅ በፊቷ አጎንብሳለች። እጆቿ ጭኗ ላይ እንደተጣበቁ ቀሩ።

የሻረግ አየቻት። ማንቆርቆሪያውን ትንሽ መለስ አደረገችው።

"አክስቴ፣ ፋሻው ይርስብዎታል፣" አለች በዝግታ፣ ማንም እንዳይሰማ። "ዛሬ ይቅር ካሉም ግድ የለም።"

ምክንያቱ ተዘጋጅቶ ቀርቦላት ነበር፤ መቀበል ብቻ ነው የቀራት። ኦድያ የፋሻውን ጫፍ ያዘች። ዙሩን አንድ በአንድ ፈታችውና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ያበጠውን ጣቷን ከሌሎቹ ጋር አድርጋ ሁለቱንም እጆቿን ሳፋው ላይ ዘረጋች።

"አፍስሺ፣" አለች።