የግራ ጆሮ

«ለሷ አይሆንም። ቢላዋውን አልሰጣትም።»

ያለው አባቷ ነው፤ ድንኳን ውስጥ፣ እሷ ከአጋዘን ቆዳ ሥር ተኝታ። ጎረቤታቸው ሃይካ አንድ ነገር መለሰ፤ እሳቱ ሲንጣጣ ሳትሰማው ቀረች። ኢንጋ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ዛሬ አርባ አንድ ሞልቷታል።

አባቷ ዮቭና ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ነገ ይቀበራል። ለቀስተኞቹ በአባቷ ቤት መዝሙር ዘምረው ጨርሰው ደረቅ ሥጋ ይቆርጣሉ።

«በቋንቋችን ሰላም ብላት በኖርዌይኛ መለሰችልኝ» አለች አንዷ በሹክሹክታ።

«አዳሪ ትምህርት ቤት የወሰዳት ልጅ፣ ምን ትላለች ታዲያ?»

«ሥጋውን ብሉ፣ ልጅቷን ተዉአት» አለች አክስቷ ቢሬት።

ሽማግሌው ሃይካ ከኢንጋ አጠገብ ተቀመጠ። እሱ በአጋዘን አርቢ ሕዝባቸው በሳሚዎች ቋንቋ ያወራል፣ እሷ በኖርዌይኛ ትመልሳለች።

«የአጋዘን ግልገሎቹ በረት ገብተዋል። የአባትሽ አራት ናቸው።»

«አራት ብቻ?»

«ከነፋስ መብራት የሚያመነጩት ማሽኖች ከተተከሉ ወዲህ እናቶቹ መውለጃቸውን ሸሹ። በክረምቱም በበረዶው ላይ ዝናብ ዘነበና መኖው በግግር ሥር ተዘጋ። ግልገል የማን እንደሆነ የሚታወቀው እናቱን እየተከተለ ሳለ ነው። የባለቤቱ ምልክት ጆሮው ላይ ሳይቆረጥ መኸር ከገባ የማን እንደሆነ አይታወቅም። የዮቭና ምልክትም በዚያው ይቀራል።»

«እርስዎ ይቁረጧቸው።»

«የሞተ ሰውን ምልክት ልጁ ነው የሚቆርጠው። ደግሞስ ይህን እጅ አላየሽም?» የሚንቀጠቀጥ እጁን ዘረጋላት።

የአባቷ ምልክት በግራ ጆሮ ላይ ሁለት ቁርጥ ነው። ያኔ በዘጠኝ ዓመቷ የመጀመሪያዋን ግልገል ሲይዙላት ኢንጋ ፊት ለፊቷ ቆመች፤ በራሷ ግራ በኩል ያለውን ጆሮ ቆረጠች። የግልገሏ ቀኝ ነበር። በቀኝ ጆሮ ሁለት ቁርጥ ደግሞ የሃይካ ምልክት ነው። የተቆረጠ ጆሮ አይመለስም። አባቷ አልተቆጣም፤ ደሙን በእጁ ጠርጎ ግልገሏን ተሸክሞ ለሃይካ ወሰደለት። ድንኳን ውስጥ ያን ቃል የሰማችው ከዚያ በኋላ ነው፤ በዚያው መኸር አዳሪ ትምህርት ቤት ገባች።

«ለሷ አይሆንም ሲልዎት ሰምቻለሁ» አለችው። «ስለተሳሳትኩ ነው።»

ሃይካ ቀና ብሎ አያት።

«ስለ ግልገሏ መሰለሽ? እሷንማ በላኋት፤ ጥሩ ሥጋ ነበራት። አባትሽን ‹ለምን?› አልኩት። ‹ይህ ምድር ለልጅ የሚተርፍ አይደለም፣ እየወሰዱት ነው። እሷ እንኳ ትትረፍ› አለኝ። ተጣላን። አንድ ክረምት ሙሉ አልተነጋገርንም።»

ኢንጋ ወደ መስኮቱ ዞረች። በመስኮቱ ማዶ፣ በድሮው መውለጃ ሸንተረር ላይ፣ ነጫጭ ክንፎች ይሽከረከራሉ።

«ተረፍኩ?»

«እሱን እግዜር ያውቃል፣ ልጄ።»

የአባቷ ቢላዋ ከመዝሙር መጽሐፉ አጠገብ እንደተቀመጠ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ማንም አልነካውም። አነሳችው። እጀታው የአባቷ አውራ ጣት ያረፈበት ቦታ ላይ ጎድጉዷል።

«መቼ ነው?»

«ከቀብሩ ማግስት፣ ጠዋት።»

«እመጣለሁ። አራቱንም እቆርጣለሁ።» ከዚያ በቋንቋቸው፣ እንደ ሕፃን ቃሉን እየፈለገች፣ «የቱ... ጆሮ ነው?» አለችው።

ታውቀዋለች። ሃይካም እንደምታውቅ ያውቃል። ፊት ለፊቷ ቆሞ የሚንቀጠቀጥ እጁን ዘረጋና ግራ ጆሮዋን ያዘላት።