የበለጠች የውሰት ሳሎን

በለጠችን ደባርቅ ውስጥ የማያውቃት የለም ማለት ማጋነን ይሆናል። በሰፈሯ ግን ቤቷ ገብቶ አፉ ላይ ምንም ሳያደርግ የወጣ ሰው ካለ ይምጣና ይናገር። የውሃ ቆጣሪ አንባቢው እንኳ ቆጣሪውን አይቶ ዝም ብሎ መሄድ አይችልም፤ ክንዱን ይዛ ጎትታ ታስገባውና በልቶ ሲጨርስ ነው የምትለቀው። ባሏ ማንያዘዋል ሰሜን ተራሮች ቡይት ራስ ላይ የአንድ የቱሪስት ሎጅ ዋና ምግብ አብሳይ በነበረበት ጊዜ ይህ ጠባይዋ ማንንም አልጎዳም። ወሩ ሲያልቅ ደመወዙ ይመጣል፣ የተበላው ይተካል።

ኋላ ሎጁ ተዘጋ። ፈረንጁ ሲቀር መጀመሪያ አስጎብኚዎቹ፣ ቀጥሎ ባለ በቅሎዎቹ፣ በመጨረሻም ማንያዘዋል ቤቱ ገባ። ዕድሜውን ሙሉ ለሰው ሲያበስል የኖረ ሰው እጁን አጣጥፎ መቀመጥ እንዴት ይሆንለታል? የሚስቱን ድስት እየከፈተ መቅመስ፣ ቀምሶም ጨው መጨመር ጀመረ። እውነቱን ለመናገር፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በለጠችን ከሎጁ መዘጋት የበለጠ ያንገበገባት ይኸው ጨው ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ግን ጨዋታ የሌለበት ነገር አመጣ። የሰሊጥ አጨዳው ሲደርስ መተማ ወርዶ የቀን ሥራ ሊሠራ መሆኑን ነገራት። በለጠች ክው አለች። በወጣትነቱ አንድ ጊዜ ወርዶ ነበር፤ ወባ ይዞት በሰው ትከሻ ላይ ሆኖ ነው የተመለሰው፣ እናቱም አልቅሰውለት ነበር። ዛሬ ሃምሳውን አልፏል፣ ዳገት ሲወጣ ጉልበቱን በሁለት እጁ እየደገፈ ነው። ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ አኮረፈችው። እሱ ግን እስከዚያ ሌላ መላ ካልተገኘ እሄዳለሁ ብሎ ማለ፤ ማንያዘዋል ደግሞ ከማለ ማለ ነው።

መላው ከቀበሌ መጣ። ሥራቸውን ያጡ የከተማው ነዋሪዎች ሥራ እስኪያገኙ ድረስ በየወሩ ድጋፍ ይሰጣቸዋል ተባለ። በለጠች የሰማች ዕለት ነጠላዋን አጣፍታ ሮጠች። ወረፋ ጠብቃ ደረሳት፤ የምትመዘግበው ወጣት ሕሊና ትባላለች፣ ትሑት ልጅ ናት፤ ባልዎ ከሥራ ለመሰናበቱ ከአሠሪው ደብዳቤ ያምጡ አለቻት። የሎጁ ሥራ አስኪያጅ ቤቱ ዳባት ነው፣ ስልኩ አይነሳም። በለጠች ሚኒባስ ተሳፍራ ዳባት ሄደች፤ ሰውየው እስኪመጣ ደጁ ላይ ተቀመጠች። እሱም አፍሮ ነው መሰለኝ፣ ስለ ማንያዘዋል ምስጉንነት ገጹን ሙሉ ጻፈላት። ደስ ብሏት ይዛ መጣች። ሕሊና አነበበችና፣ ደብዳቤው በጣም ጥሩ ነው፣ ግን ሰውየው ሥራ መልቀቁን የሚገልጽ ነገር የለበትም አለቻት። እንደገና ወደ ዳባት! በዚህ መሀል የማንያዘዋል መታወቂያ ጊዜው አልፎበት ተገኘ፤ እሱ ታደሰ፣ ደብዳቤውም ተስተካከለ፣ በመጨረሻ ሕሊና ፈገግ ብላ፣ ሁሉም ተሟልቷል፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ኮሚቴው ኑሯችሁን ሊያይ ቤታችሁ ይመጣል አለች።

ይህን ሰምቶ ሌላ ሰው ምን ያደርጋል? ቤቱ ሄዶ ሐሙስን ይጠብቃል። በለጠች ግን ቤቷ እንግዳ ሊመጣ ነው፣ ያውም የመንግሥት እንግዳ፣ ያውም ሶፋዋን ሸጣ በጨረሰችበት ሰዓት። እንቅልፍ በዓይኗ አልዞር አለ። በማግሥቱ ሰፈሩን መዞር ያዘች። ከአጥር ማዶ ካለችው ከደብረወርቅ፣ የሎጁን አንሶላ ታጥብ ከነበረችው ባልቴት፣ ልጇ ከባሕር ዳር የላከችላትን ብርጭቆና ምንጣፍ ተዋሰች። ደብረወርቅ ልጄ ስለምትልክልኝ እኔ አይቸግረኝም እያለች ለድጋፉም አልተመዘገበችም ነበር፤ ብርጭቆዎቹን ራሷ አጥባ፣ አድርቃ፣ በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠቻት። ከልብስ ሰፊዋ ከእየሩስ ቴሌቪዥን መጣ፤ አይሠራም፣ ግን ትልቅ ነው። ከወይዘሮ ሰብሌ ደግሞ ቀይ ባለ መደገፊያ ወንበር ሁለት ጎረምሶች ተሸክመው አመጡላት። ወይዘሮ ሰብሌ የኮሚቴው ሰብሳቢ የአቶ ዳምጤ ባለቤት ናቸው። ለባላቸው ነግረዋቸው ይሆን? ኧረ ወዲያ፣ ዕቃ ማዋስ ለባል የሚነገር ነገር ነው እንዴ! አቶ ዳምጤ እንደሆኑ ጠዋት ወጥተው ሲመሽ ነው የሚገቡት። ወንበሩ እጀታው ላይ ትንሽ ጠባሳ ስላለበት በለጠች ዳንቴል አልብሳ ሸፈነችው።

ማንያዘዋል ይህን ሁሉ ከበሩ ሥር ቆሞ ያያል።

«እነዚህ ሰዎች የሚመጡት ችግራችንን ሊያዩ ነው እኮ» አላት።

«ታዲያ ችግራችንን በባዶ ቤት ልናሳያቸው ነው?» አለችው።

  ወንበሩን ሲቃወም የነበረው ባል ታዲያ ወጥ ቤቱ ላይ ሲደርስ ተረታ። በለጠች የቀረቻትን አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ ስታሳርድ ጊዜ፣ እጁን ታጥቦ ገባና ለፈረንጅ ይሠራው የነበረውን የካሮት ሾርባ መጀመሪያ የሚቀርብ ብሎ ሠራ። ሲያማስል ያፏጭ ነበር።

ሐሙስ አቶ ዳምጤና ሕሊና መጡ። አቶ ዳምጤ በክብር ቀዩ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ወደ ኋላ ለጠጥ ብለው፣ እንዲህ ያለ የሚመች ወንበር ቢኖረኝ ወገቤ ይድን ነበር አሉ። ሾርባውን ጠጡ፣ ዶሮውን በሉ፣ ጉርሻም አልቀረባቸውም። እጃቸውን ሲታጠቡ ሥራቸው ትዝ አላቸውና ኑሮ እንዴት ነው ብለው ጠየቁ። ባልና ሚስት እኩል ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልጎደለብንም አሉ። ምን ይበሉ? እንግዳ ኑሮ እንዴት ነው ሲል የሚመለሰው ይኸው ነው፤ አያቶቻቸውም የመለሱት ይህንኑ ነው። ሕሊና አንገቷን ደፍታ ጻፈች።

ውጤቱ ሲለጠፍ የማንያዘዋል ስም የለም። በለጠች ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ ፈለገችው። ቤቷ ስትመለስ ማንያዘዋል አሮጌውን ሻንጣ ከአልጋው ሥር አውጥቶ አቧራውን ሲያራግፍ አገኘችው፤ ወሬው ቀድሟት ደርሷል።  እዚያው ቆማ አለቀሰች፣ ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ሕሊና ዘንድ ተመለሰች።

ሕሊና እያዘነች አስረዳቻት። ምንጣፍ አይተናል፣ ቴሌቪዥን አይተናል፣ ከኛ ቤት የሌለ ወንበር አይተናል፤ ደግሞም በራሳችሁ አንደበት ምንም አልጎደለብንም ብላችኋል። በለጠች የሰው ዕቃ መሆኑን በሹክሹክታ ነገረቻት። ልጅቷ ደነገጠች፤ ሳቋም መጣ፣ አፏን ይዛ ዋጠችው።

«እትዬ በለጠች፣ ሰኞ የቅሬታ ስብሰባ አለ» አለቻት። «ይህንኑ እዚያ ይናገሩ። ግን በሕዝብ ፊት ነው።»

በሕዝብ ፊት! በለጠች ችግሯን ለእመቤቴ ማርያም እንኳ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምትነግራት። ሻንጣው ግን በሩ አጠገብ ተቀምጧል፤ በወጣች በገባች ቁጥር እግሯን ይመታዋል።

ሰኞ አዳራሹ ግጥም ብሏል። ስሟ ሲጠራ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ስባ ቆመች። አቶ ዳምጤ እንደ ወጉ፣ እንደምን ሰነበቱ፣ ኑሮ እንዴት ነው ብለው ጀመሩ። በለጠች አፏን ከፈተች፣ እግዚአብሔር ይመስገን ምንም አልጎደለ ብላ መሀል ላይ ቆመች። ሰው ሳቀ። እሷ ግን ነጠላዋን ከቅንድቧ ገፋ አድርጋ ቀና አለች።

«ጎድሎብናል» አለች። «ቸግሮናል። ያያችሁት ዕቃ ሁሉ የሰው ነው። የኔ ዶሮዋ ብቻ ነበረች፣ እሷንም በልታችኋታል።»

 አቶ ዳምጤ ዶሮዋ ትዝ ስትላቸው ነው መሰለኝ ተቁነጠነጡ፤ ቢሆንም ሰብሳቢ ናቸውና፣ ሁሉም እየመጣ ዕቃው የውሰት ነው ቢል እንዴት እናምናለን አሉ። ደብረወርቅ ከመሀል ተነስታ፣ ምንጣፉና ብርጭቆው የኔ ነው አለች። እየሩስ ቴሌቪዥኑ የኔ ነው፣ ስለማይሠራም ሀብት ተብሎ አይቆጠር አለች። አቶ ዳምጤ፣ ይሁን፣ ያ የመሰለ ቀይ ወንበርስ የማን ነው አሉ።  በለጠች መሬት መሬቱን አየች፤ ብትሞትም ሰብሌን አታጋልጥም።

«ወንበሩ የኛው ነው፣ አንተ ሰውዬ!» አሉ ወይዘሮ ሰብሌ ከኋላ ወንበር። «በሻማ ያቃጠልከው እጀታ ከዳንቴሉ ሥር አለልህ።»

አዳራሹ ሊፈርስ ደረሰ። አቶ ዳምጤ ፊታቸው ቀላ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። ለካ ወገባቸውን የሚያድነው ወንበር ቤታቸው ሰልችቷቸው የኖረው ነው። ቆይተው እሳቸውም ሳቁ፤ ሲስቁ ደግሞ እንባቸው እስኪፈስ ነው። ቅሬታው ተቀባይነት አግኝቷል፣ ደግመን እናያለን፣ ቀኑን ግን አንነግርሽም አሏት።

ሲመጡ በለጠች ልብስ እያጠበች ነበር። መደብ ላይ ተቀመጡ። ውሃ በጣሳ፣ የገብስ ቆሎ በሰሃን አቀረበች፤ በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ከብዷት አያውቅም። ኑሮ እንዴት ነው ሲሏት ማንያዘዋልን አየችው። ጎድሎብናል አለ እሱ። አቶ ዳምጤ ቆሎውን ጨርሰው ሰሃኑን ዘረጉ፣ ካለ ጨምሪልኝ ብለው። በለጠች ሮጣ ስትጨምርላቸው ደረቷ ላይ የከረመው ድንጋይ ወረደላት። የማንያዘዋል ስም ተለጠፈ፣ ሻንጣውም አልጋው ሥር ተመልሶ ገባ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። በሳምንቱ ደብረወርቅ በአጥሩ ቀዳዳ ጠራቻት። ሳትናገር ተመዝግባ ኖሯል፤ ኮሚቴው ዛሬ ሊመጣ ስለሆነ እስቲ ያቺን ትልቋን ድስትና ትንሽ በርበሬ አውሺኝ አለቻት። በለጠች ሰው ለምኗት እምቢ ብላ አታውቅም።

«አላውስም» አለች።

ደብረወርቅ ፊቷ ተለዋወጠ፣ ዞራ ሄደች። በለጠች ነጠላዋን ለብሳ ተከትላት ገባች። ያን ቤት ስንት ዓመት ገብታበታለች! ግን ሁልጊዜ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣ፣ ስትጫወት፣ ስትዋስ፣ ስትመልስ ነው። ዛሬ እስከ ጓዳው ዘለቀች። ሌማቱ ባዶ ነው፣ የዱቄቱ ዕቃ ተደፍቷል፣ ምድጃው አመዱ እንኳ የሰነበተ ነው። እነዚያ ብርጭቆዎች ብቻ መደርደሪያው ላይ ያብረቀርቃሉ።

ኮሚቴው ገባ። በለጠች ከደብረወርቅ ጎን መደቡ ላይ ተቀምጣ እጇን ያዘች። አቶ ዳምጤ ኑሮ እንዴት ነው አሉ። ደብረወርቅ እግዚአብሔር ይ... ብላ ስትጀምር በለጠች እጇን ጨበጥ አደረገቻት።

«ልጄ መላክ ካቆመች ዓመት አልፏታል» አለች ደብረወርቅ፣ በጣም በቀስታ። «ለራሷም አልሆነላትም።»

ሕሊና ጻፈች፤ ሲወጡም አቶ ዳምጤ ጎንበስ ብለው እጅ ነስተው ወጡ። ሁለቱ ሴቶች ብቻቸውን ቀሩ። በለጠች ደጋግማ የምታየው ብርጭቆዎቹን ነው። ከዚህ ቤት ነው የተዋሰቻቸው።

«ይህን ያህል ጊዜ አጥሩ ላይ ቆመን ስንጫወት፣ አትነግሪኝም?» አለች።

«አንቺስ ነግረሽኝ ነበር?» አለች ደብረወርቅ።

በለጠች ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፣ ከዚያ የደብረወርቅን ክንድ እንደ ውሃ ቆጣሪ አንባቢው ያዘችና ብድግ አደረገቻት።

«ነይ፣ ቤት ሾርባ አለ» አለቻት። «ማንያዘዋል ጨው አብዝቶበታል፣ ግን ይበላል።»