ጠርሙሱ ላይ የቀረው

የውሃ መመርመሪያ ቤቱን ላቦራንት ከሰኞ ከሰዓት ጀምሮ የተቀመጠችበት ሁሉ ይቆረቁራት ነበር። ትነሳለች፣ መስኮት ትከፍታለች፣ መልሳ ትዘጋለች። አለቃዋ ምን ነካሽ ቢላት ምንም አለችው። እንዲህ ያለ ምንም ደግሞ ሰው አያስተኛም።

ነገሩ የታላቅ ወንድሟ ነው። ጋሼ ከከተማው በታች፣ ወንዙ ዳር፣ የዓሣ ኩሬ አለው። ከሦስት ሳምንት በፊት ዓሦቹ ውሃው መግቢያ ጋ ተሰብስበው አፋቸውን ወደ አየር ሲከፍቱ አየ። አንዱን አውጥቶ የሚተነፍስበትን ስንጥብ ገልጦ ቢመለከት የሚዝለገለግ ነገር ለብሷል። ማንንም ሳይጠይቅ የመግቢያውን መዝጊያ ጥርቅም አደረገው። የጠረጠረው ከላይ ያለውን የካልሲ ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው ካልሲው እግር እንዳያሸት በብር ማዕድን ብናኝ ይነክረዋል። ብናኙ በዓይን አይታይ፣ በተራ ማጥለያ አይያዝ፤ ከእጥበቱ ጋር ወንዝ ይገባና የዓሣ ስንጥብ ላይ ይለጠፋል። ይህን ያስረዳችው ራሷ ላቦራንቷ ነበረች። ቢሆንም ዓሣ አፉን መክፈት አመሉ ነው ብላ ስቃበታለች። እሱ ግን የተማርሽው አንቺ ነሽ፣ ለክተሽ ንገሪኝ አላት።

አርብ ከሰዓት የወንዙን ውሃ በአራት የፕላስቲክ ጠርሙስ ቀድታ መጣች። ደንቡ እዚያው ጥቂት አሲድ ጠብ ማድረግ ነው። የአሲዱ ቁም ሣጥን ቁልፍ ግን ዕቃ ቤት ጠባቂው ኪስ ውስጥ ነው፤ እሱ ደግሞ አርብ ከሰዓት ሥራ ላይ ታይቶ አያውቅም። አሲዱ ሰኞ ይደርሳል አለች። ሰኞ ጠዋት ጋሼ የኩሬው ውሃ እየጎደለ ነው ብሎ ሦስቴ ደወለ። ከጠርሙሶቹ ቀንሳ፣ አሲድ ሳትጨምር፣ በቀጥታ ለመለኪያ ማሽኑ ሰጠችው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እሷ ማፍሰሷንም አላወቀች። ማሽኑ ምንም የለም አለ። እሷም ንጹህ ነው፣ ክፈተው አለችው።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ባዶዎቹን ጠርሙሶች በአሲድ ስታለቀልቅ እጇ ቀጥ አለ። የሚደፋውን እጣቢ ወስዳ ለማሽኑ ሰጠችው። ቁጥሩ ሽቅብ ወጣ። ብናኙ እሷ እቤቷ ስታርፍ ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ከርሟል፤ ያላቀቀው አሲዱ ነው። ሰኞ የለካችው ብናኙ የተለየውን ውሃ ነበር።

ለአለቃዋ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ የሰኞውን ሪፖርት እንዳትልከው አለችና ወጣች። ጋሼ ስልክ አያነሳም፤ ኩሬ ሲገባ ስልኩን ቤት ነው የሚተወው። አውቶቡሱ በየፌርማታው ሲቆም ነፍሷ ልትወጣ ደረሰ። እግሯ ወለሉን ሲደበድብ አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ፣ ልጄ፣ ሽንት ይዞሽ ነው ወይ ብለው በጆሮዋ ጠየቋት።

ጋሼ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ኩሬው ዳር ቆሟል። ውሃው እየተንዶለዶለ ይገባል። ሲያያት ፊቱ በራ፤ ይኸው ሞላልሽ አላት።

«ጋሼ፣ ዝጋው።»

«አንቺ አይደለሽ እንዴ ክፈተው ያልሽኝ?»

«እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነው።»

አልተቆጣም። ቢቆጣት ይሻላት ነበር። መዝጊያውን አወረደና እጁን በሱሪው ጠረገ። ውሃው ግን ከትናንት ጀምሮ ሲገባ ውሎ፣ ሲገባ አድሯል።

ከቦርሳዋ ጠርሙስና በትንሽ ብልቃጥ የያዘችውን አሲድ አወጣች። ከኩሬው ቀዳች፤ አሲዱን እዚያው ጠብ አደረገችበት። ጋሼ ዓይኑን ከእጇ ላይ አልነቀለም። ስትሠራ እንዲህ ተቆጣጥሯት አያውቅም።

«ካሁን በኋላ ማንን ነው የማምነው?» አላት። «አንቺን ነው ወይስ ዓሣውን?»

እኔን ማለት አማራት። ያስተማራት የዚህን ኩሬ ዓሣ እየሸጠ ነው፤ የተማረችውም ይህ ቀን ሲመጣ እኔን እመነኝ ለማለት ነበር። ጠርሙሱን ከደነችው።

«ዓሣውን» አለችው።

መግቢያው ጋ ውሃው ረጋ። አንድ ዓሣ ብቅ አለና አፉን ከፈተ። ከኋላው ሌላ መጣ፣ ከዚያም ሌላ። ጋሼ በጣቱ እየጠቆመ መቁጠር ጀመረ፤ ሃያ ሲደርስ ተወው።