የጎረምሳው አክታ

ሙህዲን ክዳን ያላት ትንሽ የላስቲክ ዕቃ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"ንጹህ ነው" አለ። "አንድ የሮቢት ከተማ ጎረምሳ ነው የሰጠኝ። ወላሂ አንድ ቀን አስሎት አያውቅም።"

የሰው አክታ ነው። ያውም ከስልኩ ጋር በአንድ ኪስ ይዞት የመጣ። ፈሪሀ ወንበሯን ከጠረጴዛው አራቀች።

"በስምሽ ላብራቶሪ እናስገባውና ውጤቱን ከቪዛው ይግባኝ ጋር እንልካለን። አስር ቀን ነው የቀረሽ።"

"እኔ ጤነኛ ነኝ እኮ። የራሴ አክታ ምን ሆነ?"

"ጠባሳ ያለበት ሳንባ አያስተማምንማ።"

የተማሪ ቪዛውን የከለከሏት ታመሻል ብለው አይደለም። ራጁ ላይ የድሮ የሳንባ ነቀርሳ ጠባሳ ታየ፤ ፎርሙ ላይ ግን "ይዞሽ ያውቃል?" ለሚለው "አያውቅም" ተብሏል። ደብቀሻል ነው ያሏት። "አያውቅም" ብሎ የሞላው ይሄው ቆቦ ላይ ፎርም እየሞላ የሚኖር ሙህዲን ነው፣ ያስሞላችው እናቷ ኡሙሃኒ ናት፣ የፈረመችው ግን ራሷ ፈሪሀ ናት። ፊርማዋን ስታስበው ከአክታው በላይ አስጠላት።

"አንሳልኝ" አለችውና ወጣች።

ቤት እንደገባች እናቷ ፊት ቆመች። "እማ፣ ነገ ዋጃ ጤና ጣቢያ እንሂድ። መድኃኒቱን ጨርሼ መዳኔን ይጻፉልኝ።"

"ስምሽ እዚያ የለም" አለች ኡሙሃኒ ወደ መሬት እያየች።

ፈሪሀ መች ጠፋት። በአስራ ሁለት ዓመቷ እዚሁ ቆቦ መታከም ስትችል ዋጃ ድረስ እናቷ ያመላለሰቻት ሰው እንዳያይ ነበር። ነገ ማን ያገባታል ብላ ስሟንም ሲቲ ብላ አስመዘገበቻት። ስድስት ወር ሙሉ "ሲቲ" ሲሏት "አቤት" ብላለች።

"አንቺ ካልመሰከርሽ ማን ያምነኛል?"

"ሰው ይሰማል፣ ልጄ።"

"ይስማ። የማላውቀው ጎረምሳ አክታ የኔ ነው ከምል አገር ይስማ።"

በማግስቱ ዋጃ ጤና ጣቢያ ሲደርሱ አግዳሚው ሞልቷል። ይባስ ብሎ የቆቦ ጎረቤታቸው የሺ፣ የታመመች እህቷን ይዛ ተራ ትጠብቃለች። ነርሷ የድሮውን መዝገብ አገላበጠች።

"ፈሪሀ የሚባል የለም።"

ኡሙሃኒ ሻሿን ወደ ፊቷ ሳበች። ኋላ መልሳ ገለጠችው።

"ሲቲ በሚለው ፈልጊ" አለች ድምጿን ከፍ አድርጋ። "ስም የቀየርኩት እኔ ነኝ። ይቺ ልጄ ፈሪሀ ናት። የሳንባ ነቀርሳ ይዟት ነበር፣ መድኃኒቷን ጨርሳ ድናለች። እንደዚያ ብለሽ ጻፊላት፣ እኔ እፈርማለሁ።"

የሺ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ፣ እህቷን እየገፋች ወደ አግዳሚው ጫፍ ሸሸች። ከዳነች አስር ዓመት ያለፋትን ልጅ! ፈሪሀ ደሟ ፈላ፤ የምትመልሰው ቃል አፏ ላይ ደርሶ ነበር።

ኡሙሃኒ ግን የተለቀቀውን ቦታ በመዳፏ ጠረግ ጠረግ አደረገች።

"ነይ ተቀመጪ" አለቻት። "ሰፋልን።"