ማንጎው የወደቀ ዕለት

ጽጌሬዳን ሴቻ ሰፈር ውስጥ የማያውቃት ጥቂት ሰው ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ታስተምራለች፤ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ከመዘምራኑ ጋር ትቆማለች። ባሏ ላቀው ጂንካ በኩል መንገድ ሥራ ላይ ስለሚውል ቤቱንም ግቢውንም የምትመራው እሷ ናት። እኔ ጌታነህ እባላለሁ፤ ዞን መምሪያ እሠራለሁ፤ አጥር የምንጋራ ጎረቤቷ ነኝ። ይህን የማወራው ከሰው ሰምቼ ሳይሆን እዚያው ቆሜ ስላየሁት ነው።

ወንድሟ ሲሳይ ዱባይ መካኒክ ነው። በ2009 ለመስቀል ሲመጣ ቤተሰቡ ሁሉ ስልክና ሽቶ ሲጠብቅ፣ ለእህቱ ያወጣላት በባትሪ የሚሠራ የሰንሰለት መጋዝ ነበር። የግቢዋ ግራቪሊያ ዛፍ ጣሪያዋን እየገረፈ እንዳስቸገራት በስልክ ነግራው ኖሯል። እናታቸው መጋዙን አይታ፣ «ለሴት ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ይሰጣል?» ብላ ተቆጣች። ጽጌሬዳ ግን መጋዙን ከነሳጥኑ ተቀብላ መኝታ ቤት አስገባች፤ ብዙ ሳምንት ሳታስነሳው ቆየች። አብሮት የመጣውን መመሪያ ከዳር እስከ ዳር አነበበች። በዚያም አልረካችም። ዮርዳኖስ የሚባል፣ ድሮ ያስተማረችው የደን ባለሙያ ነበር፤ የመጋዙን አያያዝ እንዲያሳያት እሱን ቅዳሜ ጠዋት ጠርታ እንደ ተማሪ ፊቱ ቆመች።

ከዚያ በኋላ መጋዙን ባነሳች ቁጥር ሰፈሩ ይስቅ ነበር። ወፍራም ሱሪ ትለብሳለች፣ እስከ ቁርጭምጭሚቷ የሚደርስ ጠንካራ ጫማ ታስራለች፣ የላቀውን የመንገድ ሥራ ቆብ ትደፋለች፣ መነጽርና ጓንት ታደርጋለች። ነጠላዋን ደግሞ አውልቃ ሩቅ ትሰቅላለች፤ ተንጠልጣይ ነገር ሰንሰለቱ ይይዘዋል ብላ። ከላይ ከሴቻ ታች ወዳለው ሲቀላ ሚኒባስ የሚነዳው ጎረቤታችን ዘካሪያስ አንድ ቀን በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ፣ «ጽጌ፣ ቅርንጫፍ ልትቆርጪ ነው ወይስ ልትዘምቺ?» አላት።

«ያሉኝ እግሮች እነዚህ ብቻ ናቸው፤ ሁለቱንም እፈልጋቸዋለሁ» አለችው፤ ሥራዋንም ቀጠለች።

እኔም አንዴ ልሞክረው ብዬ ጠይቄያት ነበር። አልሰጠችኝም። መጀመሪያ ባትሪውን ነቀለች፤ ከዚያ ሰንሰለቱ የሚሽከረከርበትን ረጅም ብረት፣ እሷ ምላሱ የምትለውን፣ በጣቷ አሳየችኝ። «ይህቺን የላይኛዋን ጫፍ አየሃት? እየዞረች እንጨት ከነካች መጋዙ ተመልሶ ወደ ፊትህ ይዘላል። አንተ ሳታስብ ነው የሚዘለው። ይህ በደንብ እስኪገባህ አልሰጥህም» አለችኝ። ቤንዚን የለው፣ ጭስ የለው፣ ድምፁም ያን ያህል አይደል፤ እኔ የቤት ዕቃ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ድምፁ አነስተኛ መሆኑን ራሱን ትፈራዋለች። «ሰው ይዘናጋል» ትላለች።

ነገሩ የደረሰው በተከታዩ ዓመት ሚያዝያ ላይ ነው።

ከጽጌሬዳ ግቢ ቀጥሎ ጋሼ ሰይፈሥላሴና ባለቤታቸው እትዬ ልክነሽ ይኖራሉ። ጋሼ የዶርዜ ሰው ናቸው፤ በወጣትነታቸው ወደ ሴቻ ወርደው ጥበብ ሲሠሩ የኖሩ ሸማኔ። በግቢያቸው ጓሮ ቆርቆሮ የለበሰች አንዲት ክፍል አለቻቸው። እግራቸውን መሬቱ ውስጥ በተቆፈረው የሸማኔ ጉድጓድ አስገብተው፣ ከጠዋት እስከ ማታ እዚያ ይሠራሉ። በክፍሏ አናት ላይ ከሁላችንም ቤት በፊት የነበረ ትልቅ የማንጎ ዛፍ ተንሰራፍቶ ነበር። ጥላው ለጋሼ በረከት ነበር፤ ግንዱ ከውስጥ መበስበሱን ግን ማንም አላወቀም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ከጫሞ ሐይቅ በኩል ነፋስ ተነሣ። ዝናቡ ገና ጥቂት እንደጣለ አንድ ነገር ሲሰነጠቅ ሰማሁ፤ ወዲያው ምድር የተናጋ መሰለኝ። ስወጣ ማንጎው ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ ቆሟል፤ ግማሹ ከነቅርንጫፉ የጋሼ መሥሪያ ክፍል ላይ ተኝቷል። ቆርቆሮው እንደ ወረቀት ተጨማድዷል። እትዬ ልክነሽ በዝናብ ውስጥ ቆመው የባላቸውን ስም ይጠራሉ።

ከቅጠሉ ሥር ድምፅ መጣ። «አለሁ» አሉ ጋሼ። «ጉድጓዱ ውስጥ ነኝ። ጉድጓዱ አተረፈኝ። ግራ እግሬን ግን የያዘው ነገር አለ።»

ዘካሪያስ መጥረቢያ ይዞ በአጥር ዘለለ። እንደደረሰ አንዱን ወፍራም ቅርንጫፍ መታው። ሲመታው ግንዱ ሁሉ ተንቀጠቀጠ፤ ቆርቆሮው ጥቂት ሰመጠ፤ ከሥር ጋሼ አቃሰቱ። ዘካሪያስ መጥረቢያውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

«ተወው፣ ዘካሪያስ። አትንካው» አለ ከኋላችን የሴት ድምፅ። ጽጌሬዳ ናት። ያን ሁሉ የሚሳቅበትን ልብስ ለብሳ፣ መጋዙን በአንድ እጇ፣ ባትሪዎቹን በሌላው ይዛ መጥታለች። መልበሷ ጊዜ እንደወሰደባት ገብቶኝ በውስጤ ትንሽ ተናድጄ ነበር። እሷ ግን ገና ወደ ዛፉ አልቀረበችም። ወደ ላይ ታያለች። ከምሰሶው ወደ ጋሼ ቤት የሚሄደው የመብራት ሽቦ ረግቦ በቅርንጫፎቹ መካከል ጠፍቷል።

«ጌታነህ፣ መብራት ኃይል ደውል። መስመሩን ይዝጉት። ዘግተናል እስኪሉህ ድረስ ማንም ሰው እንጨቱን እንዳይነካ።»

ደወልኩ። የሚያነሳው ሰው ዘገየ፤ በኋላ አንሥቶ፣ «ዘግተን እንደውላለን» አለኝ። ጎረቤት ተሰብስቦ ግቢው ሞላ፤ «ምን ትጠብቃለች?» የሚል ማጉረምረም ጀመረ። እትዬ ልክነሽ መጥተው ክንዷን ያዙ። «ጽጌ፣ በፈጠረሽ፣ ሰውዬው ከሥር ነው። ቶሎ በይልኝ።»

ጽጌሬዳ መጋዙን መሬት አስቀምጣ እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘች። «እትዬ፣ ሽቦው መብራት ካለው ጋሼንም እኔንም ይወስደናል። እሳቸው እየተናገሩ ነው። እርስዎ ያናግሩልኝ፣ እንዳይደክሙ።»

እትዬ ልክነሽ እንባቸውን ጠርገው ቅጠሉ አጠገብ ሳይደርሱ ጎንበስ አሉና ባላቸውን ማናገር ጀመሩ። እሳቸውም ከሥር ይመልሳሉ። ጋሼ ዕቃው ላይ ስለወጠሩት ድር ሲጠይቁ ሰማኋቸው፤ ለሠርግ የታዘዘ ጋቢ ላይ ነበሩና ጭቃ እንዳይነካው አሳስቧቸዋል። እትዬ «ድሩን ተወው አንተ ሰው» ሲሏቸው ከተሰበሰበው አንዳንዱ ሳቀ። ያ ሳቅ ለሁላችንም መተንፈሻ ሆነልን።

በዚህ መካከል ጽጌሬዳ አልቆመችም። ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ መሬቱ ግን ያንሸራትታል። እግሯ በሚያርፍበት ቦታ አሸዋ አስደፋች። ሰዉን እስከ አጥሩ ድረስ መለሰችው። ከዚያ ወደ ዘካሪያስ ዞረች፤ «ክሪክ አለህ አይደል መኪናህ ውስጥ?» አለችው። ዘካሪያስ ሮጦ ክሪኩን አመጣ፤ ከሌላ ጎረቤት ደግሞ ሌላ ተገኘ። የድጋፍ እንጨትም ከየቤቱ ተለቀመ። ስልኬ ጠራ። መስመሩ ተዘግቷል አሉኝ። ጽጌሬዳ ደጋግማ አስጠየቀችኝ፤ የየትኛው ምሰሶ መስመር እንደሆነ ካረጋገጥኩላት በኋላ ብቻ ወደ ዛፉ ተራመደች።

መጀመሪያ ግንዱን አስደገፈችው። ዘካሪያስ በደረቱ ጭቃው ላይ ተኝቶ ክሪኮቹን ከወፍራሙ ቅርንጫፍ ሥር ከተተ፤ ሳያነሳ፣ ባለበት እንዲይዘው ብቻ አድርጎ አጠበቀ። ያ ጎበዝ ሰው እንዲያ ሲታዘዝላት አይቼ አላውቅም። ከዚያ ጽጌሬዳ አጎንብሳ ወደ ውስጥ ተጣራች፤ «ጋሼ፣ ያንን ጋቢ ዓይንዎ ላይ ይሸፍኑት። ፍርፋሪ ይመጣል።»

«የሠርጉን?»

«የሠርጉን። ሙሽራው ይታገሣል።»

ባትሪውን አስገብታ መጋዙን አስነሣች። ከዳር፣ ከቀጭኖቹ ጀመረች። ሁለት እጇ ከመጋዙ አልተለየም፤ ሰውነቷ ሁልጊዜ ከምላሱ በጎን በኩል ነው፤ ከትከሻዋ በላይ አንድም ጊዜ አላነሣችውም። ከፍ ያለ ቅርንጫፍ ሲያጋጥማት ትተወውና ዝቅ ያለውን በመጀመሪያ ትቀንሳለች። አንድ ቅርንጫፍ ከመቁረጧ በፊት ቆማ ታየዋለች፤ ወዴት እንደተለመጠ፣ ሲለቀቅ ወዴት እንደሚፈናጠር። ጫፉ በአየር ላይ የተንጠለጠለውን መጀመሪያ ከሥሩ ትንሽ ትነካዋለች፣ ከዚያ ከላይ ትጨርሰዋለች። በሁለቱም ጫፍ ያረፈውን ደግሞ ከላይ ጀምራ ከሥር ትጨርሰዋለች። ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም፤ ግን አንድም ቅርንጫፍ መጋዙን ነክሶ አልያዘባትም።

የተቆረጠውን ለመጎተት ስንገባ መጋዙን ታጠፋለች፣ ባትሪውን ትነቅላለች፤ ወጥተን ስንርቅ መልሳ ታስገባዋለች። ይህን ደጋግማ አደረገች። ከተሰበሰበው አንዱ «ምነው ይህን ባትሪ ባትነካካው» ሲል ዘካሪያስ ዞሮ በዓይኑ ብቻ ዝም አሰኘው።

መሐል ላይ አንደኛው ባትሪ ደከመ። ሌላውን ከመቀየሯ በፊት ቁጭ አለች። ውኃ ጠየቀች፣ ጠጣች፣ ክንዶቿን አራገፈች። ማንም አላጉረመረመም። እኔ ለራሴ፣ እንዲህ ያለ ጭንቅ ውስጥ ሆኜ ለማረፍ ድፍረቱ ይኖረኝ ነበር ወይ ብዬ አሰብኩ። የደከመ ክንድ መጋዝ እንደማይዝ እሷ ታውቃለች፤ የሰዉን ዓይን ፈርታ አልተነሣችም።

በመጨረሻ በቆርቆሮው ላይ የቀረው አንድ ወፍራም ቅርንጫፍ ነበር። ከክንዷ በጣም የወፈረ ስለሆነ ትንሹ መጋዝ በአንዴ አይጨርሰውም። በክሪኮቹ መካከል አጭር አጭር አድርጋ፣ እንደ ዳቦ ቆራረጠችው። እያንዳንዱን ቁራጭ ዘካሪያስና እኔ ተሸክመን አወጣን። ከዚያ ቆርቆሮውን ስናነሣ ጋሼ ሰይፈሥላሴ ጉድጓዳቸው ውስጥ ተኮራምተው፣ ጋቢው እንደ ሻሽ ራሳቸው ላይ ተጠቅልሎ አገኘናቸው። የሽመና ዕቃው ወራጅ እንጨት ቅልጥማቸው ላይ ወድቆ ነበር። እሱን አንሥተን አወጣናቸው። እግራቸው ተሰብሯል። ሌላው ሰውነታቸው ደህና ነበር። በዘካሪያስ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ አስተኝተናቸው ወደ ሆስፒታል ወረዱ።

ግቢው ባዶ ሲሆን ጽጌሬዳን አጥር ሥር ተቀምጣ አየኋት። መጋዙ አጠገቧ ተቀምጧል፤ ባትሪው ተነቅሏል፤ ምላሱ ሽፋኑን ለብሷል። ጫማዋን ልትፈታ ብትሞክር አቃታት። እስከዚያች ሰዓት መጋዝ የያዘው እጅ ክር መፍታት አቃተው። ከባላቸው ጋር ሄደዋል ብዬ ያሰብኳቸው እትዬ ልክነሽ ልብስ ለመያዝ ተመልሰው ኖሮ፣ ዕቃቸውን ጥለው ፊቷ ተንበረከኩ። «ኧረ እትዬ፣ ይተዉ» ብትላቸው አልሰሙም። ሁለቱንም ጫማ በየተራ ፈቱላት፤ ከዚያ ጉልበቷን ስመው ሄዱ። ጽጌሬዳ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

ወሬው ሲቀላ ድረስ ወረደ። በዚያ ሳምንት ሰፈሩ ሁሉ አንድ ነገር ጠበቀ፤ የቆመውን ግማሽ ማንጎ ጽጌሬዳ እንድትጥለው። አሁን ነፋስ በነፈሰ ቁጥር እየተንቋቋ እንቅልፍ ነስቶን ነበር። የዕድሩ ሰዎች ተሰብስበው ቤቷ ሄዱ፤ እኔም አብሬ ነበርኩ። በደንብ አመሰገኗት፤ ከዚያ ጥያቄውን አቀረቡ።

«አልችልም» አለች ጽጌሬዳ።

ትሕትና መስሏቸው ደግመው ለመኗት። ዘካሪያስ ሳይቀር፣ «አንቺ ካልቻልሽ ማን ይችላል?» አላት።

«አልችልም ስል እያፈርኩ አይደለም። ያ የቆመ፣ የበሰበሰ፣ ያዘነበለ ዛፍ ነው። የእኔ መጋዝ የቅርንጫፍ መጋዝ ነው። ያን ቀን የተደገፈ እንጨት ነው የቆረጥኩት። ይህኛው ወዴት እንደሚወድቅ አላውቅም፤ የማላውቀውን አልጀምርም። ዮርዳኖስን ደውዬ ጠርቼዋለሁ።»

ማንጎው በወደቀ ቀን ካደረገችው ሁሉ ይበልጥ ያከበርኳት በዚህች ንግግሯ ነው ብል አላጋንንም። ሰፈሩ በሙሉ በአፉ ተሸክሟት ሳለ ከዚያ ላይ በገዛ እግሯ ወረደች።

ዮርዳኖስ ከባልደረቦቹ ጋር ትልቅ መጋዝና ገመድ ይዞ መጣ። ጋሼ ሰይፈሥላሴ እግራቸው በጄሶ ታስሮ፣ ጽጌሬዳ በረንዳ ላይ ወንበር ወጥቶላቸው ይመለከቱ ነበር። ሰዎቹ ዛፉን በገመድ ወጥረው፣ ዙሪያውን ለረጅም ጊዜ ሲያጠኑ ጋሼ ትዕግሥታቸው አልቆ፣ «እነዚህም እንዳንቺው ናቸው» አሏት።

«እነሱ ናቸው ያስተማሩኝ፣ ጋሼ።»

ማንጎው እኩለ ቀን ላይ ባዶ ወደሆነው ጓሮ ወደቀ። ጽጌሬዳ ለሰዎቹ ምሳ አቀረበች፤ ከዚያ ማረም የጀመረችው የተማሪዎች ፈተና ስለነበር እስክሪብቶዋን ይዛ ወደ ውስጥ ገባች።